ምራኑ የጠፋበት ሞፈር፦ የትሪፓኖሶማ ክሮሞዞሞች በምን ተይዘው ይለያያሉ?

በጊቤ፣ በዲዴሳ፣ በኦሞና በባሮ ሸለቆዎች ከብት ያረባ ሰው ገንዲን ያውቀዋል። በሬው እየበላ ይከሳል፣ ጠጉሩ ይቆማል፣ ለእርሻ በሚፈለግበት ወር ይወድቃል። በሽታውን የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ ነው፤ የሚያመጣው ግን በደም ውስጥ የሚዋኝ ትሪፓኖሶማ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ ነው። ከዝርያዎቹ አንዱ ትሪፓኖሶማ ብሩሲ ስሙን የወሰደው በ1890ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ አፍሪካ ዙሉላንድ የከብት በሽታ ሲመረምር ተውሳኩን ካገኘው ከዴቪድ ብሩስ ነው። ሁለት ንዑስ ዝርያዎቹ በሰው ላይ የእንቅልፍ በሽታን ያመጣሉ።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ሕክምናው ወይም ዝንቡ አይደለም። በ2005 የዚህ ተውሳክ ሙሉ ጂኖም ተነብቦ ሲታተም ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ጎደለ። ሕዋስ ሲከፈል ክሮሞዞሞችን ይዞ የሚለያየው የፕሮቲን ጥምረት፣ ከእርሾ እስከ ሰው ድረስ በየሕዋሱ የሚገኘው፣ በትሪፓኖሶማ ጂኖም ውስጥ አንድም ክፍሉ አልታይ አለ። ተውሳኩ ግን ይከፈላል። ያውም በደንብ ይከፈላል፤ ባይከፈል ኖሮ በሬው ባልሞተ።

የጎደለው ምን እንደሆነ ለመረዳት ነገሩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል። ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት እያንዳንዱን ክሮሞዞም ይቀዳል። ሁለቱ ቅጂዎች ኮሂሲን በሚባል ቀለበት መሰል ፕሮቲን ተያይዘው ይቆያሉ። ከዚያም ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ማይክሮቱቡሎች፣ ከሕዋሱ ሁለት ዋልታዎች እየበቀሉ ወደ መሃል ይመጣሉ። ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ቅርጽ ስለሚሠሩ እንዝርት ይባላሉ፤ ፈትል የተጠቀለለበትን እንዝርት ላየ ሰው ስያሜው ማብራሪያ አይፈልግም። የእነዚህ ቱቦዎች ጫፍ ሁልጊዜ ይረዝማል ወይም ያጥራል እንጂ አይረጋም። ሲያጥር የያዘውን ክሮሞዞም ወደ ዋልታው ይጎትታል።

ይዞስ የሚጎትተው በምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው ካይኔቶኮር የሚመጣው። ሥራውን ለመግለጽ ከምራን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሞፈሩ የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ በሬዎቹ የቱንም ያህል ቢጎትቱ፣ ሞፈርን ከቀንበር የሚያስረው ጠፍር ከሌለ እርሻ የለም። ካይኔቶኮር በአንድ በኩል የክሮሞዞሙን ዲኤንኤ፣ በሌላ በኩል የማይክሮቱቡሉን ጫፍ ይይዛል። ልዩነቱ የሕዋሱ ምራን ከአንድ ጠፍር የተቆረጠ ሳይሆን ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥር በደርዘኖች ከሚቆጠሩ ፕሮቲኖች እንደገና የሚገጣጠም መሆኑ ነው። በእርሾ ውስጥ አንድ ካይኔቶኮር የሚይዘው አንድ ማይክሮቱቡል ብቻ ነው፤ በሰው ሕዋስ ውስጥ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ይይዛል።

የግጥምጥሙ ቅደም ተከተል በእርሾም በሰውም ይመሳሰላል። በክሮሞዞሙ ላይ ሴንትሮሚር የሚባል ቦታ አለ። ዲኤንኤ በመላው ክሮሞዞም ላይ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ዙሪያ ይጠቀለላል፤ በሴንትሮሚሩ ላይ ግን ከተለመደው ሂስቶን አንዱ ወጥቶ ሴንፕ-ኤ የሚባል ዘመዱ በቦታው ይገባል። ያ ምልክት ነው፤ «ምራኑ የሚታሰረው እዚህ ነው» እንደ ማለት። በእሱ ላይ ውስጠኛው ንብርብር ይገነባል፤ በሰው ሕዋስ ይህ ንብርብር 16 ፕሮቲኖች አሉት። ከዚያ አገናኙ ሚስ12 የሚባል የአራት ፕሮቲኖች ጥምረት ይመጣል፤ በመጨረሻ ረጅሙ ክንድ ኤንዲሲ80 ወደ ውጭ ተዘርግቶ ማይክሮቱቡሉን ይጨብጣል። ውስጠኛው መሠረት ሕዋሱ በሚያርፍበት ጊዜም ከቦታው አይነሣም። ክንዱ ግን የሰው ሕዋስ ለመከፈል ሲል ተጠርቶ ይመጣል፣ ሥራው ሲያልቅ ይበተናል።

ሴንፕ-ኤ የተገኘበት መንገድ ለብቻው የሚወራ ነው። በ1985 ዊሊያም ኧርንሾና ባልደረባው የመጀመሪያዎቹን የሴንትሮሚር ፕሮቲኖች የለዩት ቆዳን በሚያደነድነው ስክሌሮደርማ ከታመሙ ሰዎች በተወሰደ ደም ነው። የእነዚህ ሕሙማን ሰውነት ተሳስቶ በራሱ ፕሮቲኖች ላይ ፀረ እንግዳ አካላት አምርቶ ነበር፤ ፀረ እንግዳ አካላቱም በቀጥታ ሴንትሮሚሩ ላይ ሄደው ይለጠፋሉ። ባለሙያዎቹ ያላወቁትን ቦታ የታመመ ደም ጣቱን ቀስሮ አሳያቸው።

አሁን ወደ ጉዳያችን ዋና ሰው እንምጣ። ቡንጎ አኪዮሺ በሲያትል ከተማ በሱ ቢጊንስ ቤተ ሙከራ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ የእርሾን ካይኔቶኮር ከነሙሉ አካሉ ከሕዋሱ አውጥቶ ለማጥራት ተነሣ። ብዙ ሰው የሚሠራው ፕሮቲኖቹን አንድ በአንድ አምርቶ መገጣጠም ነበር። እሱና ባልደረቦቹ ግን ከሚስ12 አባላት በአንዱ ላይ መያዣ ምልክት ቀጥለው፣ ምልክቱን ሲስቡ አብዛኛው ካይኔቶኮር ተከትሎ ወጣ። በቻርልስ አዝበሪ ቤተ ሙከራ ይህን በጥቃቅን የፕላስቲክ ዶቃዎች ላይ ለጥፈው በሌዘር ጨረር እየያዙ ከአንድ ማይክሮቱቡል ጫፍ ጋር አጋጠሙትና ጎተቱት። በ2010 የታተመው ውጤት እንዲህ ነው፦ አንድ የካይኔቶኮር ቅንጣት ከሚረዝምና ከሚያጥር ጫፍ ጋር ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይላቀቅ ይቆያል፤ ለማላቀቅ በአማካይ 9 ፒኮኒውተን ያህል ጉልበት ይጠይቃል። አንድ ኒውተን የመካከለኛ ብርቱካን ክብደት ያህል ነው ብንል፣ ፒኮኒውተን የዚያ አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። ለሞለኪውል ግን ቀላል ጉልበት አይደለም።

የሚያስደንቀው ሌላው ግኝት ነው። ቅንጣቱ በመጠኑ ሲጎተት የሚቆይበት ጊዜ ከማጠር ይልቅ ረዘመ። ካይኔቶኮር ሲስቡት የሚጠብቅ ሸምቀቆ ሆኖ ተገኘ። ይህ ትርጉም ያለው ነገር ነው። ሁለቱ የክሮሞዞም ቅጂዎች በትክክል ከሁለት ተቃራኒ ዋልታዎች ከተያዙ፣ ኮሂሲን አንድ ላይ ስላሰራቸው በመካከላቸው ውጥረት ይፈጠራል፤ ሁለቱም በአንድ ዋልታ ከተያዙ ግን ይላላሉ። ሸምቀቆው ትክክለኛውን አያያዝ ያጠብቃል፣ የላላው ይፈታል። ኦሮራ ቢ የሚባል ኢንዛይም ደግሞ የላሉትን አያያዞች ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት እየለጠፈ ያስፈታቸዋል። የ2010ሩ ጽሑፍ ያከለው ነገር ኦሮራ ቢ ባይኖርም ውጥረት በራሱ አያያዝን እንደሚያጸና ማሳየቱ ነው።

ካይኔቶኮርን ከነሙሉ አካሉ በእጁ የያዘ ሰው ቀጥሎ ወዴት ይሄዳል? አብዛኞቻችን የተሳካልንን ነገር ደግመን እንሠራለን። አኪዮሺ ግን ወደ ኦክስፎርድ ሄዶ በኪዝ ገል ቤተ ሙከራ ትሪፓኖሶማን ያዘ፤ ማለትም የሚያውቃቸው ክፍሎች በሙሉ የሌሉበትን ፍጥረት።

በእጁ የነበሩት ፍንጮች ይጋጩ ነበር። ተውሳኩ ትልልቅ ክሮሞዞሞች 11 ጥንድ አሉት፤ ከእነሱ ሌላ ወደ 100 የሚጠጉ ደቃቅ ክሮሞዞሞች አሉት፤ ደቃቆቹ ሌላ ስልት ይጠቀማሉ ተብሎ ስለሚታሰብ እንተዋቸው። ቱቡሊን አለው። እንዝርት አለው። ኮሂሲን አለው፣ ኮሂሲንን የሚቆርጠው መቀስም አለው። ኦሮራ ቢ እንኳ አለው። የገል ቡድን በ2000 ባወጣው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጥናት በሚከፈለው ኒውክለስ ውስጥ ካይኔቶኮር የሚመስሉ ጠቆር ያሉ ንጣፎች ታይተዋል። እንግዲህ በሬውም፣ ቀንበሩም፣ ሞፈሩም በቦታቸው ናቸው፤ ምራን የሚመስል ጥላም በመካከል ይታያል። ግን ሴንፕ-ኤ የለም፣ ሚስ12 የለም፣ ኤንዲሲ80 የለም። ከተለመደው ሂስቶን የተለየ አንድ ዘመድ ተገኝቶ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በ2004 ሲመረመር ግን የሚቀመጠው በክሮሞዞም ጫፎች ላይ ሆኖ ተገኘ፣ ተውሳኩም ያለ እሱ መኖር ይችላል።

ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የታወቁትን ፕሮቲኖች ፊደል ከተውሳኩ ጂኖች ጋር ማመሳሰል እዚህ ላይ አበቃ። የማይታወቅ ነገር በታወቀው መልክ አይፈለግምና። አኪዮሺ የመረጠው መንገድ ቀላልና አድካሚ ነበር። ካይኔቶኮር የሚያስፈልገው በክፍፍል ጊዜ ስለሆነ ክፍሎቹ የሚመረቱትም በዚያው ሰሞን መሆን አለበት ብሎ አሰበ። ስለዚህ ምርታቸው ከክፍፍል ዑደቱ ጋር ከፍ ዝቅ የሚሉትን፣ ሥራቸው ግን ያልታወቀውን ፕሮቲኖች መርጦ በእያንዳንዳቸው ላይ ቢጫ ብርሃን የሚሰጥ ፕሮቲን ቀጠለና በማይክሮስኮፕ ሥር አያቸው። ካይኔቶኮር የሆነ ነገር ምን መምሰል እንዳለበት ያውቃል፤ በኒውክለሱ ውስጥ ነጠብጣብ መስሎ ይታያል፣ በመካከለኛው ደረጃ መሃል ላይ ይሰለፋል፣ በመጨረሻ ወደ ሁለቱ ዋልታዎች ይሄዳል።

ከመካከላቸው አንዱ ይህንኑ አደረገ። ኬኬቲ1 ተባለ።

አንድ ክፍል ከተገኘ በኋላ የሲያትሉ ልምድ ጠቀመው። ኬኬቲ1ን በመያዣው ስቦ አብሮት የወጣውን ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው ዘዴ፣ በማስ ስፔክትሮሜትሪ፣ ለየ፤ ከዚያ በተገኙት ላይ ደግሞ ያንኑ ደገመ። አንዱ ሌላውን እየጎተተ በ2014 የታተመው የአኪዮሺና የገል ጽሑፍ 19 ፕሮቲኖችን ዘረዘረ። እስከ 2019 ቁጥሩ 24 ደረሰ። አብዛኞቹ በቅርብ ዘመዶቹ በሌይሽማንያና በሌሎችም የቡድኑ አባላት ውስጥ አሉ፤ ቡድኑ ኪኔቶፕላስቲድ ይባላል። ከ19ኙ አንዱም ግን በእርሾ ወይም በሰው ካይኔቶኮር ውስጥ ካለ ፕሮቲን ጋር የሚታወቅ ዝምድና አልተገኘለትም።

እዚህ ጋ ቆም ማለት ተገቢ ነው። ለብዙ ዓመታት የመማሪያ መጻሕፍት ሴንፕ-ኤና ኤንዲሲ80 ኒውክለስ ላለው ሕይወት ሁሉ የግድ ናቸው የሚል አዝማሚያ ነበራቸው። ያጠናናቸው ጥቂት ፍጥረታት ሁሉ ስለነበሯቸው ነው። በዚያው በ2014 ሌላ ቡድን የሐር ትልን ጨምሮ ሴንትሮሚራቸው በክሮሞዞሙ ርዝመት የተበተነ ነፍሳት ሴንፕ-ኤን እንደጣሉ አሳየ፤ እነዚያ ግን ውጭኛውን ክንድ ይዘው ቀርተዋል። ትሪፓኖሶማ ከዚያ አልፎ ሄደ።

ታዲያ አዲሱ ምራን እንዴት ይገጣጠማል? ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ የሚጣፍጠው ይህ ክፍል ነው፤ ፕሮቲኖቹ እንግዳ ሆነው ሳለ አሠራሩ የሚያውቁት ቤት ይመስላልና። ኬኬቲ2 እና ኬኬቲ3 ሕዋሱ ቢከፈልም ባይከፈልም ከሴንትሮሚሩ አይነሡም፤ የሴንፕ-ኤን የመሠረትነት ቦታ የያዙ ይመስላሉ። ሁለቱም ግን ሂስቶን አይደሉም። በአንድ ጫፋቸው ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም፣ ካይኔዝ፣ የሆነ ክፍል አላቸው፤ መሃላቸው ላይ ዚንክ የሚይዝና ሴንትሮሚሩን የሚያገኙበት ልዩ ክፍል አለ፤ በሌላው ጫፍ ፖሎ የሚባለውን የታወቀ ካይኔዝ የሚያስታውስ ቅርጽ አለ። አኪዮሺ ከዚህ ተነሥቶ የመሠረቱ አመጣጥ ከጥንት ፖሎ መሰል ካይኔዝ ሳይሆን እንደማይቀር ገምቷል። ሌሎቹ ዲኤንኤው መቀዳት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እየመጡ ይደረባሉ። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ ካይኔዞች ኬኬቲ10 እና ኬኬቲ19 በኬኬቲ7 በኩል ይቀመጣሉ፤ ክሮሞዞሞቹ መለያየት ሲጀምሩም ይለቃሉ።

ማይክሮቱቡሉን የሚጨብጠውስ? መልሱ በ2018 መጣ፤ ያውም ከአዝበሪ ሌዘር ሥር። ኬኬቲ4 ተጠርቶ በዚያው የሲያትል መሣሪያ ሲፈተን ማይክሮቱቡልን በቀጥታ ይይዛል፣ የሚረዝመውንም የሚያጥረውንም ጫፍ ተከትሎ ይሄዳል፣ ጭነትም ይሸከማል። ቆይቶ ደግሞ ዲኤንኤንም መያዝ እንደሚችል ታየ። በእኛ ሕዋስ ውስጥ በሴንፕ-ኤና በኤንዲሲ80 መካከል ያለው ያ ሁሉ አገናኝ እዚህ አንድ ፕሮቲን በሁለት እጁ ሊይዘው ይችል ይሆናል የሚል ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። በሕያው ሕዋስ ውስጥ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ስለ መያዙ ግን ከዚህ ብቻ ተነሥቶ መደምደም አይቻልም።

የአኪዮሺን ንባብ ሁሉም አልተቀበለውም። በ2017 በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ቢል ዊክስቴድና ባልደረባው ኬኬአይፒ1 የሚባል ሌላ የትሪፓኖሶማ ፕሮቲን አግኝተው ከኤንዲሲ80 ጋር የራቀ ዝምድና እንዳለው ተከራከሩ። እነሱ እንደሚሉት ምራኑ አልተቀየረም፤ ለረጅም ጊዜ በራሱ መንገድ ስለሄደ መልኩ ጠፋ እንጂ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሁለት ፕሮቲኖች ከአንድ አያት ተወልደው ፊደላቸው ከዘመን ብዛት ሊጠፋ ይችላል፤ ረጃጅም የተጠማዘዙ ፕሮቲኖች ደግሞ ዝምድና ሳይኖራቸው ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ኬኬአይፒ1 የዚህ ዓይነቱ ረጅም ፕሮቲን መሆኑ ለእኔ ማስረጃውን ያሳሳዋል። ስለ ውጭኛው ንብርብር እንግዲህ ፍርዱን ባዘገይ እመርጣለሁ። ስለ መሠረቱ ግን አልጠራጠርም፤ ኬኬቲ2 እና ኬኬቲ3ን ከሂስቶን ጋር የሚያዛምድ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ ግድግዳ የሚወጣው በካይኔዞቹ በኩል ነው። በሰው ውስጥ የሌለ ፕሮቲን ለተውሳኩ የግድ ከሆነ መድኃኒት ሠሪ ሁሉ ያየዋል። በ2020 በዮርክ ዩኒቨርሲቲ የጄረሚ ሞትራም ቡድን ከባልደረቦቹ ጋር ኤቢ1 የሚባል ውሁድ ኬኬቲ10ን እንደሚያግድ አሳወቀ። አሠራሩ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ነው። ውሁዱ በኢንዛይሙ ኪስ ውስጥ ገብቶ 215ኛው ላይ ካለው ሲስቲን ከሚባል አሚኖ አሲድ ጋር በማይፈታ ትስስር ይጣበቃል። በሰው ውስጥ ያለው ተመሳሳይ ካይኔዝ በዚያ ቦታ ሲስቲን የለውም። ኬኬቲ10 ሲታገድ ውስጠኛው ካይኔቶኮር በወጉ መገጣጠም ያቅተዋል፤ ዑደቱ ይሰናከላል፣ ሕዋሱ ይሞታል። የዚህ ቤተሰብ ውሁዶች ሌይሽማንያንም ይገድላሉ። መተማና ሑመራ ለአጨዳና ለአረም የወረደ የቀን ሠራተኛ ካላ አዛርን፣ የደጋው ሰው ደግሞ ፊት ላይ የሚወጣውን ቁንጭርን ያውቃል፤ ሁለቱም የሌይሽማንያ ሥራዎች ናቸው፤ ያም ተውሳክ የሚከፈለው በዚሁ ምራን ነው። ከሙከራ ውሁድ እስከ ክኒን ያለው መንገድ ረጅም መሆኑን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። የእንቅልፍ በሽታም ቢሆን በ2022 በደቡብ ኢትዮጵያ እንደገና መታየቱ ጉዳዩ ያረጀ ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን ያደርጋል።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። የእኛ ሕዋስ ሁሉም ክሮሞዞሞች በትክክል እስኪያዙ ድረስ ክፍፍሉን የሚያቆም ዘብ አለው። ማድ2 የሚባል ፕሮቲን ካልተያዙ ካይኔቶኮሮች ላይ ተነሥቶ «ቆይ» ይላል። ትሪፓኖሶማ ማድ2 አለው፤ የሚቀመጠው ግን ካይኔቶኮር ላይ ሳይሆን የጅራፍ መሰሉ ጅራቱ ሥር ነው። ዘቡ በር ላይ ሳይሆን ጓዳ ተቀምጦ ተገኘ ማለት ነው።

ታዲያ ተውሳኩ መቼ መለያየት እንዳለበት በምን ያውቃል? በ2024 የአኪዮሺ ቡድን ያሳተመው ጥናት ወደ ኦሮራ ቢ ጠቆመ፤ አቅጣጫው ግን ከምናውቀው የተገለበጠ ነው። በእኛ ሕዋስ ኦሮራ ቢ የላሉትን አያያዞች እያስፈታ ዘቡን ያነቃል፤ ሥራው ማስቆም ነው። በትሪፓኖሶማ ኦሮራ ቢ ሲታገድ ሕዋሱ ክሮሞዞሞቹን መሃል ላይ አሰልፎ እዚያው ይቆማል። ፎስፌት የሚለጥፈው ኬኬቲ14 በሚባል፣ በእኛ ዘብ ውስጥ ካለው በብ1 ጋር የራቀ መመሳሰል ባለው ፕሮቲን ላይ ነው። ኬኬቲ14ን ከሕዋሱ ካስወገዱት ኦሮራ ቢ ቢታገድም መቆሙ ይቀራል፤ ፎስፌት ሊለጠፍበት የማይችል ኬኬቲ14 ከሰጡት ደግሞ መለያየቱ ይዘገያል። በመጨረሻ ተመራማሪዎቹ ኦሮራ ቢን ከተለመደ ቦታው አንሥተው በካይኔቶኮሩ ውጭኛ ክፍል ላይ አሰሩት። ሕዋሱ ሳይጠብቅ ከክፍፍሉ ወጣ፤ ክሮሞዞሞቹ ግን ወደ ሁለቱ ልጆች የደረሱት ተዛብተው ነበር።